ከአንኮበር ወደ ሞምባሳ ደሴት፤ የዶክተር ሉድቪግ ክራፍ የሕይወት ታሪክ

በናይሮቢ ከተማ ዌስትላንድስ በተባለው ክፍል፣ ሪቨርሳይድ በሚባለው መንገድ ዳር የጀርመን አገር ኤምባሲ ይገኛል። ቤቱም በአንድ ሰው ስም የሉድቪግ ክራፍ ቤት ተብሎ ተሰይሟል። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ወይም ለጉዳይ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ስሙ የተጠራው ሰው ማን እንደ ነበሩ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። እኚህ ሰው ስዋሂሊ ከመማራቸው በፊት አማርኛ የተማሩ፣ የሞምባሳን ባሕር ከማየታቸው በፊት በአንኮበር ተራራ ሦስት ዓመት ያህል የተቀመጡ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውንም በአማርኛ ቃል የሰየሙ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ታሪካቸው የኬንያ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ይህን ታሪክ እንድንጽፍ ያነሣሣን ሌላም ነገር አለ። በዌስትላንድስ ከምናገኛቸው ወገኖቻችን መካከል ናይሮቢን እንደ መኖሪያ ሳይሆን እንደ መተላለፊያ የሚቈጥሩ አሉ። አንዱ ወደ ሌላ አገር የሚያሻግረውን ወረቀት ይጠብቃል፤ ሌላው ወደ አገሩ የሚመለስበትን ቀን ይጠብቃል። እስከዚያው ድረስ የአገሩን ቋንቋ አይማርም፤ የጎረቤቱን ስም አያውቅም፤ ዓመቱ ግን ያልፋል። ደግሞም ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ርቀው፣ ኮኮናት በበዛበትና የባሕር ነፋስ በሚነፍስበት ሩቅ ደሴት ቢኖሩ ዕረፍት የሚያገኙ የሚመስላቸው አሉ። ክራፍ በሞቃት ባሕር ደሴት ላይ ኖረዋል። በዚያችም ደሴት የተቀመጡት ሌላ አገር ለመግባት እየጠበቁ ነበር። የጠበቁት አገር ግን አልተከፈተላቸውም። እንግዲህ በመጠበቂያቸው ስፍራ ምን እንደ ደረሰባቸውና ምን እንደ ሠሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በደቡብ ጀርመን በውርተምበርግ፣ ከቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው በዴሬንዲንገን መንደር በጃንዋሪ 11 ቀን 1810 ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ነበሩ። ብላቴናው ሉድቪግ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው አንድ ጎረቤት ባላጠፋው ጥፋት ክፉኛ ደበደበውና ለብዙ ወራት ታሞ ተኛ። በአልጋው ላይ ሳለ መጽሐፍ ቅዱስን ያነብ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ የአብርሃምንና የአባቶችን ታሪክ ይወድ ነበር ይባላል። ከዳነም በኋላ በቱቢንገን ወደ ነበረው የላቲን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም አንድ ቀን የአፍሪካን ካርታ ሲመለከት፣ በምሥራቁ በኩል ስም ያልተጻፈበት ሰፊ ባዶ ስፍራ አየ። በዚያ የሚኖር ሰው የለምን? ብሎ ተደነቀ። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውንም የጉዞ መጽሐፍ ተውሶ አነበበ። ያ ባዶ ስፍራ ከብላቴናው ልብ አልወጣም።

በ1827 በስዊስ አገር በባዝል ወዳለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ልባቸው ተጠራጥሮ ከዚያ ወጡና በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ትምህርት ተማሩ፤ በአገራቸውም ለጥቂት ጊዜ ረዳት ቄስ ሆነው አገለገሉ። የቀድሞው አሳብ ሲመለስባቸው በእንግሊዝ ለሚገኘው የቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ተሰጡ። በዚያ ዘመን ያ ማኅበር ከእንግሊዝ በቂ ሠራተኛ ስላላገኘ ከውርተምበርግና ከባዝል ብዙ ሉተራውያንን ይቀበል ነበርና። በ1837 መጀመሪያ ተነሥተው በማልታና በግብፅ በኩል አልፈው በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐድዋ ደረሱ።

በዐድዋ የቈዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ካህናቱ ተቃወሙ፤ የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤም በመጋቢት 1838 ከጓደኞቻቸው ጋር ከአገር አስወጧቸው። ይህ በክራፍ ፊት የተዘጋ የመጀመሪያው በር ነው። እርሳቸው ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ከካርል ኢዘንበርግ ጋር በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1839 አጋማሽ ሸዋ ገቡ። የዐፄ ምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደኅና ተቀበሏቸው። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለሱ ክራፍ ብቻቸውን ቀሩ።

በሸዋ የተቀመጡበት ጊዜ የልባቸውን መንገድ ወሰነው። በ1840 ንጉሡ ሲዘምቱ አብረው ተጕዘው የኦሮሞን ሕዝብ አገር ስፋትና ልማት አዩ። ይህ ሕዝብ ወንጌልን በገዛ ቋንቋው ቢሰማ ለአፍሪካ ሁሉ ብርሃን ይሆናል ብለው አመኑ፤ ይህንም አሳብ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም። ኦሮምኛ ተምረው ከወንጌል ክፍሎች መተርጐም ጀመሩ። የግዕዝ ብራናዎችንም ሰብስበው ወደ ቱቢንገን ላኩ፤ በዚያ አገር የግዕዝን ትምህርት እጅግ ረዳው።

ዳሩ ግን የእግዚአብሔር ባሮች ያለ ነቀፋ አይደሉምና የተሳሳቱበትንም አንሸሽግም። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች ይዞ አንኮበር በመጣ ጊዜ፣ ክራፍ በአስተርጓሚነትና በአማካሪነት ከመንግሥታት ጉዳይ ጋር ተነካኩ። ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው የመንግሥት መልእክተኛ ወዳጅ ሆኖ ሲታይ፣ የአገሩ ሰው የሚያስበው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አያስቸግርም። ስለ አገሩም ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ከትሕትና የራቀ ፍርድ ጽፈዋል።

በ1842 መጀመሪያ ክራፍ ከአንኮበር ወጡ፤ አሳባቸው ሌሎች ሚስዮናውያንን ለመቀበልና ሚስት ለማግባት ወደ ባሕር ወርደው እንደገና ለመመለስ ነበር። በወሎ ሲያልፉ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት አሰራቸውና ያላቸውን ሁሉ ቀማቸው። ራቁታቸውን ሊባል በሚችል ሁኔታ በእግራቸው ምጽዋ ደረሱ። ከዚያም ወደ ግብፅ ሄደው ከባዝል ከመጡት ከሮዚና ዲትሪክ ጋር በእስክንድርያ ተጋቡ። ሙሽሮቹ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታጁራ ሲደርሱ፣ ንጉሡ እንዳይገቡ መከልከላቸውን ሰሙ። ሁለተኛው በር ተዘጋ።

በ1843 ደግሞ በምጽዋ በኩል ሊገቡ ሞከሩ። ወይዘሮ ሮዚና ፀንሰው ነበር። በምጽዋና በደጋው መካከል ባለው በሳሆ ሕዝብ ቆላ፣ በሙቀትና በድካም መካከል ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ተወለደች። አባቷ አጠመቋትና በአማርኛ እንባ ብለው ሰየሟት። ሕፃኗ ብዙ ሳትቈይ አረፈች፤ በመንገድ ዳር በዛፍ ሥር ተቀበረች። የትግሬም በር እንደ ቀድሞው ዝግ ነበር። ክራፍና ባለቤታቸው ልጃቸውን በኢትዮጵያ አፈር ትተው ተመለሱ። አንባቢ ሆይ፤ አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህን ስም ትርጉም መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቢታንያ ሊገባ ሲሞክር እንደ ተከለከለና በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ጢሮአዳ እንደ ወረደ በሐዋርያት ሥራ እናነባለን። ክራፍም ሰሜኑ ቢዘጋ በደቡብ እንገባለን ብለው አሰቡ። የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ደቡብ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ አቅራቢያ ድረስ መስፋፋቱን ሰምተው ነበር። ስለዚህ ከባሕሩ ጠረፍ ከአንዱ ስፍራ ተቀምጠን ወደ ውስጥ መንገድ እንፈልጋለን ብለው ቈረጡ። ወደ ደሴት የሄዱት ደሴት ናፍቀው አይደለም፤ ኢትዮጵያን በሌላ በር ለማግኘት ነው።

በኖቬምበር 1843 በአንዲት የዐረብ ጀልባ ከዓደን ተነሡ። ነፋሱ ተቃወማቸው፤ ጀልባዋም ውኃ ማስገባት ጀመረች። ሌላ ጀልባ ደርሶ ወደ ዓደን ባይመልሳቸው ኖሮ ታሪካቸው በዚያ ባበቃ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በሌላ ጀልባ እንደገና ተሳፈሩ። በዚያ ባሕር ጕዞ የሚወሰነው በነፋስ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከዐረብና ከሕንድ አገር ጀልባዎችን ወደ አፍሪካ ጠረፍ ይነዳል፤ በዓመቱ አጋማሽ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ደግሞ ይመልሳቸዋል። ነፋሱ ያለፈበት ሰው ለወራት መቀመጥ አለበት። በጃንዋሪ 1844 መጀመሪያ ሞምባሳን አይተው አለፉና ዛንዚባር ደረሱ።

ዛንዚባር በዚያ ዘመን የሱልጣን ሰዒድ መቀመጫ ነበረች። በቅርንፉድ እርሻዋና በዝሆን ጥርስ ንግዷ የበለጸገች ነበረች፤ በገበያዋም ሰው እንደ ከብት ይሸጥባት ነበር። ይህ የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873 ነው። ከሩቅ ሲያዩዋት አረንጓዴና ውብ የሆነች ደሴት፣ በውስጧ የሰው ልጅ ለቅሶ ነበረባት። ሱልጣኑ ክራፍን በእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን ሃመርተን አማካይነት በትሕትና ተቀበሏቸው። በጠረፉ ላሉ ሹሞችም ይህ ሰው ደግ ነው፤ ዓለምን ወደ እግዚአብሔር ሊመልስ ይፈልጋልና በመልካም ያዙት የሚል ደብዳቤ ጻፉላቸው። የእስልምና መሪ ለክርስቲያን ሰባኪ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መስጠታቸው ሊዘነጋ የማይገባው ቸርነት ነው። ዛንዚባር ለኑሮ ትመች ነበር፤ ወዳጆችም እዚያው እንዲቀመጡ መከሯቸው። ክራፍ ግን የፈለጉት ምቾትን ሳይሆን ወደ ኦሮሞ የሚያስገባውን ቅርብ መንገድ ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ከባለቤታቸው ጋር ሞምባሳ ተቀመጡ።

ሞምባሳ በየብሱ እቅፍ ውስጥ የገባች ትንሽ ደሴት ናት፤ ከሁለት ወገን የባሕር ክንድ ይከብባታል። በዳርቻዋ ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ ቆሟል። በዚያ ዘመን ዛሬ ያሉት ድልድይና የባቡር ሐዲድ አልነበሩም፤ ወደ የብሱ የሚሻገሩት በታንኳ ነበር። መንገዶቿ ጠባብ፣ ቤቶቿም አንዳንዱ ከኮራል ድንጋይ፣ ብዙው ከጭቃና ከኮኮናት ቅጠል የተሠሩ ነበሩ። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነበር። ክራፍም ያገኙትን ጊዜ አላባከኑም። በጁን 1844 የደሴቲቱ ቃዲ ከነበሩት ከሼክ ዓሊ ጋር ተቀምጠው የኦሪት ዘፍጥረትን መጽሐፍ ወደ ስዋሂሊ መተርጐም ጀመሩ። አንድ የሉተር ቤተ ክርስቲያን ልጅና አንድ የእስልምና ዳኛ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ዓለም አፈጣጠር ቃል ሲመርጡ ማሰብ እንዴት ያለ ነገር ነው!

ነገር ግን በዝናሙ ወራት ንዳድ መጣ። ወባን የሚያመጣው ጥቃቅን ነፍሳት በሰው ደም ውስጥ የታየው በ1880 ነው፤ የሚያስተላልፈውም ቢንቢ መሆኑ የታወቀው በ1897 ነው። ስለዚህ በ1844 ማንም ሰው በሌሊት በአጐበር ሥር መተኛት ሕይወት እንደሚያድን አያውቅም ነበር። ሰዎች በሽታው ከረግረግ ከሚወጣ መጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። በጁላይ መጀመሪያ ባልና ሚስቱ በአንድ ቤት ታመው ወደቁ። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሮዚና ሴት ልጅ ወለዱ፤ ንዳዱ ግን አልለቀቃቸውም። በጁላይ 13 ቀን አረፉ። ሕፃኗም ከጥቂት ቀን በኋላ እናቷን ተከተለች። ክራፍ ራሳቸው ከአልጋ ለመነሣት እንኳ አቅም ሳይኖራቸው ሁለቱንም ቀበሩ።

ወይዘሮ ሮዚና ከመሞታቸው በፊት አንድ ነገር ለምነው ነበር፤ በደሴቲቱ ሳይሆን ማዶ በየብሱ ዳር እንዲቀብሯቸው። በዚያ የሚያልፉ የአገሩ ሰዎች መቃብሩን ሲያዩ እነዚህ እንግዶች ስለ ምን መጥተው እንደ ነበር ያስታውሳሉ ብለው ነው። እንዳሉትም ተደረገ። አብርሃም በተስፋይቱ ምድር ብዙ ዘመን በድንኳን ሲኖር የራሱ ያደረገው የመጀመሪያ መሬት የሣራ መቃብር እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ለክራፍም እንዲሁ ሆነ። በብላቴንነታቸው በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ያዩት ስፍራ፣ በውስጡ የራሳቸው የሆነ የመጀመሪያው መሬት የሚስታቸውና የልጃቸው መቃብር ሆነ።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሰዓት ሰውየው ምን ማድረግ እንደ ነበረባቸው ራሳችንን እንጠይቅ። ሁለት ልጆችና ሚስት በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ተቀብረዋል። የተፈለገውም አገር ገና አልታየም። ቢመለሱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ነፍሰ ጡር ሚስታቸውን በበረሃና በንዳድ አገር ይዘው መዞራቸው ትክክል ነበርን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄውን እንደ ድፍረት አንቈጥረውም። ሮዚና በፈቃዳቸው ሄደዋል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ክራፍ ለላኳቸው ማኅበር ሲጽፉ በዚያ ጠረፍ ብቻውን የቆመው መቃብር ሥራው ለመጀመሩ ምልክት ነው፤ አፍሪካም በሩቅ ሳይሆን አሁን በእጃችሁ ናት በሚል መንፈስ አሳሰቧቸው። ከዚያም ወደ ዘፍጥረት ትርጉማቸው ተመለሱ።

ሁለት ዓመት ያህል ብቻቸውን ከቈዩ በኋላ በጁን 1846 ዮሐንስ ሬብማን የተባሉ ወጣት የአገራቸው ሰው መጡ። ሁለቱም ወዲያው በንዳድ ታመሙ። ቢሆንም ከደሴቲቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በኮረብታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ራባይ ለመውጣት ተስማሙ፤ በዚያ አየሩ ይሻላልና። በኦገስት ወር ሲወጡ በአንድ አህያ እየተፈራረቁ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ነበር። ከዚህ የበለጠ በድካም የተጀመረ ሚስዮን ምናልባት የለም ብለው ክራፍ በኋላ ጽፈዋል። የመጀመሪያው አማኝም ምሪንጌ የተባለ አካሉ የጐደለ ድኻ ሰው ነበር።

ከራባይ ወደ ውስጥ አገር እየወጡ ሁለቱ ሰዎች የዓለም ሊቃውንት ያላመኑትን አዩ። ሬብማን በሜይ 11 ቀን 1848 የኪሊማንጃሮን በረዶ አዩ። ክራፍም በዲሴምበር 3 ቀን 1849 በካምባ ሕዝብ አገር ከኪቱይ ሆነው የኬንያን ተራራ አዩ። በአውሮፓ የነበሩ የካርታ ሊቃውንት ከምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ሊኖር አይችልም ብለው ተሳለቁባቸው፤ ያዩት ሰዎች ግን እውነቱን ተናግረው ነበር። ዛሬ የአገሩ ሁሉ ስም ከዚያ ተራራ የመጣ ነው።

በ1851 ክራፍ ወደ ጣና ወንዝ በተጓዙ ጊዜ ወዳጃቸውና መሪያቸው የካምባ አለቃ ኪቮይ በመንገድ ላይ ተገደሉ፤ ክራፍም ብቻቸውን በዱር ቀሩ። ውኃ የሚይዙበት ዕቃ ስላልነበራቸው በጠመንጃቸው አፈሙዝና በሩቅ ማያ መነጽራቸው ማኅደር ውኃ ሞልተው ይዘው፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ በሕይወት ተመለሱ። ጤናቸው ግን ተሰብሮ ነበር። በ1853 ከሞምባሳ ወጡ። ወደ ኦሮሞ አገር የሚያስገባውን የደቡብ መንገድ ሳያገኙ ቀሩ። ሦስተኛው በር ይህ ነው።

የቀሩትን ዓመታት በአጭሩ እንናገር። በ1855 ከማርቲን ፍላድ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገብተው አዲስ የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስን አዩ፤ ሕመም ግን በሱዳን በኩል እንዲመለሱ አስገደዳቸው። በ1861 ሌሎች ሚስዮናውያንን ይዘው እንደገና ወደ ሞምባሳ ጠረፍ ሄዱ። በ1867 ከእንግሊዝ ጦር ጋር በአስተርጓሚነት መጥተው ነበር፤ ጤናቸው አልፈቀደምና ወደ መቅደላ ሳይደርሱ ተመለሱ። ይህም ጕዞ ወንጌልን ከጦር ጋር ያጐዳኘ ስለሆነ እኛ በደስታ የምናስታውሰው አይደለም። መኖሪያቸው በውርተምበርግ በኮርንታል ሆነ።

በኮርንታልም ሥራቸው አልቆመም። ብዕር ይዘው ተቀመጡ። ቀድሞ አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ በግብፅ የተረጐሙትንና ሙሉው በ1840 የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንደገና አርመው፣ በ1870ዎቹ በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ማተሚያ ቤት እንዲታተም አደረጉ። በኢትዮጵያ ሆነው በደብተራ ዘነብ የተተረጐመውን የኦሮምኛ አዲስ ኪዳንም ለኅትመት አዘጋጅተው በ1876 በዚያው አሳተሙ። ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ሊቅ ናቸው። እንግዲህ ክራፍ ራሳቸው ያልገቡበት አገር፣ የደከሙበት መጽሐፍ ገባ።

ሬብማንም 29 ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በዚያ ጠረፍ ከቈዩ በኋላ፣ ዐይናቸው ታውሮ በ1875 ተመለሱና በኮርንታል በክራፍ አጠገብ ኖረው በ1876 ዐረፉ። ክራፍም በኖቬምበር 26 ቀን 1881 ሌሊት ዐረፉ፤ ያገኟቸውም በአልጋቸው አጠገብ ለጸሎት ተንበርክከው ነው። ሁለቱም በኮርንታል ተቀብረዋል። የስዋሂሊው ትልቅ መዝገበ ቃላታቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1882 ነው።

አሁን ወደ ጀመርንበት እንመለስ። ክራፍ ሞምባሳን የመጠበቂያ ቤት አድርገው ነበር የገቡባት፤ ዋናው ሥራ ወደ ኦሮሞ አገር ከገባሁ በኋላ ይጀመራል ብለው ያስቡ ነበር። ይሁን እንጂ ሲጠብቁ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የጎረቤታቸውን ቋንቋ ተማሩ፤ ሰዋስውን ጽፈው በ1850 አሳተሙ። ያን ጊዜ ስዋሂሊ የሚጻፈው በዐረብ ፊደል ነበር፤ እርሳቸው በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ በዌስትላንድስ በማታቱ አውቶቡስ ላይ፣ በሱቅ በር ላይ፣ በልጆች የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ የምናየው ስዋሂሊ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። ያን መንገድ ከጀመሩት አንዱ በደሴቲቱ ሌላ ነገር ሲጠብቁ የነበሩት ሰው ናቸው።

የተመኙትም ነገር ጠፍቶ አልቀረም፤ በሌሎች እጅ መጣ። የክራፍን ጽሑፍ ያነበቡ የጀርመን የሄርማንስቡርግ ሉተራውያን በ1853 አንዲት መርከብ ሠርተው፣ ካንዳዜ ብለው በኢትዮጵያ ንግሥት በህንደኬ ስም ሰይመው፣ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት በዛንዚባርና በሞምባሳ በኩል መጡ። እነርሱም ተከልክለው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። የስዊድን ሚስዮናውያንም የክራፍን ምክር ሰምተው ወደ ኦሮሞ ለመድረስ በ1866 ምጽዋ ገቡ፤ መንገዱ ቢዘጋባቸውም በዚያው ተቀመጡ። በዚያም በባርነት ተሽጦ የነበረውንና በምጽዋ ነፃ የወጣውን የኦሮሞ ልጅ ኦነሲሞስ ነሲብን አስተማሩ። እርሱም ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን ወደ ኦሮምኛ ተርጕሞ በ1899 በዚያው በቅድስት ክሪሾና አሳተመ፤ በ1904ም ይዞት ወለጋ ገባ። ከሄርማንስቡርግም የተላኩት በ1920ዎቹ መጨረሻ ወለጋ ውስጥ አይራ ደረሱ። መርከቢቱ ከተመለሰች ሰባ ዓመት አልፎ ነበር።

እንግዲህ በዌስትላንድስም ሆነ በሌላ ስፍራ በእንግድነት የምትኖሩ ወገኖቻችን ሆይ፤ ወደ ሩቅ ደሴት መሄድ ከልብ ሐዘን አያስመልጥም፤ ሐዘን ታንኳ ተሳፍሮ ይከተላልና። በመጠበቂያ ስፍራ የሚኖርም ሰው የሚኖርበትን ቀን እንደ ባዶ ቀን አይቍጠረው። የሚጠብቁት ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። የጎረቤት ቋንቋ፣ የታመመን መጠየቅ፣ ለልጅ ፊደል ማስቈጠር ግን ዛሬ በእጃችን ያሉ ናቸው። ክራፍ ወደ ኦሮሞ የሚወስደውን መንገድ ከመፈለግ ሳይቦዝኑ፣ ከሼክ ዓሊ ጋር ተቀምጠው ይተረጕሙ ነበር።

ደመና በሌለበት ማለዳ ከናይሮቢ ከፍ ካለ ስፍራ ሆነን ወደ ሰሜን ስንመለከት፣ ያ ነጭ ራስ ያለው ተራራ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ወደ ሞምባሳም የምትወርዱ ብትኖሩ፣ ከደሴቲቱ ማዶ በኒያሊ በኩል የወይዘሮ ሮዚናና የሕፃኗ መቃብር በባሕር ዳር ይገኛል። ጥቂት ቁሙና አስቧቸው። ሌላዋም ሕፃን፣ በአገራችን መንገድ ዳር ምልክት በሌለው ዛፍ ሥር የተኛችው፣ በአማርኛ የተጠራችው እንባ፣ ከአሳባችሁ አትራቅ። በእንግድነት የሚኖሩትን ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅ፤ የእጃቸውንም ሥራ ያጽናላቸው። አሜን።